ራጋ ምንድን ነው? የህንድ ክላሲካል ሙዚቃ ትዝታን ለሚያውቅ ጆሮ

«ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ ጓደኛዬ።

ስልኬ ላይ የሲታር ቅጂ ከፍቼለት ነበር። ሲታር ረጅም አንገትና ከቅል የተሠራ ሆድ ያለው የህንድ የአውታር መሣሪያ ነው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አዳመጠ። ቡናው ቀዘቀዘ። ከበሮ የለም፣ ግጥም የለም። አንድ ሰው ብቻ ክሩን ነካ ያደርጋል፣ ጎተት ያደርጋል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይመለሳል።

«ከጀመረ እኮ ሃያ ደቂቃው» አልኩት።

«ተው እንጂ! ይሄማ ገና እየቃኘ ነው።»

አልፈረድኩበትም። አብዛኞቻችን ህንድን የምናውቃት በፊልም ነው። ልጁና ልጅቷ ዓይን ለዓይን ሲጋጩ፣ ከየት መጡ ሳይባል ሃምሳ ሰው ከኋላቸው ተሰልፎ ይጨፍራል። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሩጫ አለ፣ ዝናብ አለ፣ በአንድ ዘፈን ሦስት ጊዜ ልብስ መቀየር አለ። እኔም ያደግኩበት ነው፤ አልነቅፈውም። ግን የፊልሙ ዘፈን ድብልቅ ነው። ከሕዝብ ዘፈን ይወስዳል፣ ከፈረንጅ ኦርኬስትራ ይወስዳል፣ ከክላሲካሉም ይቀዳል። ክላሲካሉ ራሱ ሌላ ዓለም ነው። የዚያ ዓለም ቁልፍ ደግሞ አንድ ቃል ነው፤ ራጋ። እሱ የገባው ሰው ሙዚቃውን ብቻ ሳይሆን ውዝዋዜውንና ሥዕሉንም ማየት ይቀለዋል።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። «የህንድ ክላሲካል ሙዚቃ» የሚባሉት ሁለት ናቸው። የሰሜኑ ሂንዱስታኒ ይባላል፤ ፓኪስታንና ባንግላዴሽም የዚሁ ወራሾች ናቸው። የደቡቡ ካርናቲክ ይባላል፤ ልቡ ያለው ቼናይ ከተማ ነው። መሣሪያቸውም የኮንሰርት ልማዳቸውም ይለያያል። ራጋ ግን የሁለቱም መሠረት ነው። እዚህ በብዛት የማወራው ስለ ሰሜኑ ነው። ቀኖቹና ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ራጋ ስኬል ነው ወይስ ዘፈን?

ሁለቱንም አይደለም። ይህን ለፈረንጅ ማስረዳት አበሳ ነው፤ ለእኛ ግን ግማሹ መንገድ ተጠርጎልናል።

ትዝታ ምንድን ነው ብትባሉ ምን ትላላችሁ? ቅኝት ነው፤ «ክራሩን ትዝታ ላይ ቃኘው» ይባላል። ዘፈንም ነው፤ «እስቲ ትዝታ በይልን» ይባላል። ስሜትም ነው። ሁለት ዘፋኞች አንድ ዓይነት ትዝታ አይዘፍኑም። ግጥሙ ይለያል፣ ማዞሪያው ይለያል። ትዝታ መሆኑን ግን ማንም አይስተውም።

ራጋም እንደዚያ ነው። ልዩነቱ ደንቡ ጠበቅ፣ ቁጥሩ በዛ ማለቱ ነው። እኛ አዘውትረን የምንጠራቸው አራት ቅኝቶች አሉን፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። እነሱ ራጋን የሚቆጥሩት በመቶዎች ነው።

ድምፆቹን ልንገራችሁ። ሰባት ስም አላቸው፤ ሳ፣ ሬ፣ ጋ፣ ማ፣ ፓ፣ ዳ፣ ኒ። በትምህርት ቤት ከተማርነው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሳ እና ፓ አይነቃነቁም። የቀሩት አምስቱ ሁለት ሁለት መልክ አላቸው። ሬ፣ ጋ፣ ዳ እና ኒ ዝቅ ማለት ይችላሉ፤ ማ ደግሞ ከፍ ማለት ይችላል። ሲደመሩ አሥራ ሁለት ቦታ ይሆናሉ፤ በኦርጋን ላይ የምናውቃቸው ነጭና ጥቁር ቁልፎች ማለት ነው። ሳ ራሱ ግን የተወሰነ ከፍታ የለውም። ዘፋኙ ለጉሮሮው የሚመቸውን ይመርጥና «ሳዬ ይህ ነው» ይላል፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይለካል።

አንድ ራጋ ከእነዚህ ውስጥ አምስት፣ ስድስት ወይም ሰባት ድምፅ ይመርጣል። እዚህ ቢያበቃ ስኬል በሆነ ነበር። አያበቃም። ወደ ላይ ሲወጣ የሚረግጣቸውና ሲወርድ የሚረግጣቸው ድምፆች ሊለያዩ ይችላሉ። ከመካከላቸው አንዱ ንጉሥ ነው፤ ቫዲ ይባላል። ሌላው ምክትሉ ነው፤ ሳምቫዲ ይባላል። በንጉሡና በሚኒስትሩ መመሰል የራሳቸው የቆየ አነጋገር ነው፣ የእኔ አይደለም። በመጨረሻም ራጋውን የሚያስታውቅ ትንሽ የዜማ ሐረግ አለ። ፓካድ ይሉታል፤ «መያዣ» እንደማለት ነው። ጆሮ ያለው አድማጭ ፓካዱን ሲሰማ የራጋውን ስም ወዲያው ይጠራል። ሰውን ፊቱን ሳናይ በሳሉ እንደምንለየው።

አምስቱ ድምፅ አንድ ከሆነ ራጋው እንዴት ይለያል?

እኔን ለዚህ ሙዚቃ እጅ ያሰጠኝ ነገር ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የትዝታ ሜጀርን ድምፆች ውሰዱ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። በህንድ አጠራር ሳ፣ ሬ፣ ጋ፣ ፓ፣ ዳ ይሆናሉ። ራጋ ቡፓሊ የሚባለው የሚጠቀመው እነዚህኑ አምስት ድምፆች ነው። አንድ ሳይጨምር፣ አንድ ሳይቀንስ። ሐበሻ ሰው ቡፓሊን መጀመሪያ ሲሰማ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» የሚለው በከንቱ አይደለም።

ዴሽካር የሚባል ሌላ ራጋ አለ። እሱም ሳ፣ ሬ፣ ጋ፣ ፓ፣ ዳ ነው። ወረቀት ላይ ብትጽፏቸው ልዩነት አታገኙም። ሲዘፈኑ ግን የሰሜን ህንድ አድማጭ አያምታታቸውም።

ቡፓሊ ንጉሡ ጋ ነው። ዜማው ጋ ላይ ያርፋል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ የታችኛውን ዳ ነካ አድርጎ ይመለሳል። ጋ፣ ሬ፣ ሳ፣ ዳ፤ ሳ፣ ሬ፣ ጋ። ደግሞ ፓ፣ ጋ፤ ዳ፣ ፓ፣ ጋ፤ ሬ፣ ሳ። ዝግ ያለ፣ ረጋ ያለ፣ መሬት የያዘ ነው። ዴሽካር ደግሞ ንጉሡ ዳ ነው። ላይኛው ክፍል መኖር ይወዳል። ከላይ ሆኖ ይጫወታል፤ ሬን ብዙም አያደምቃትም። ነቃ ያለ፣ ብሩህ ነው።

አምስት አምስት ክፍል ያላቸው፣ በአንድ ፕላን የተሠሩ ሁለት ቤቶችን አስቡ። የአንደኛው ቤተሰብ ውሎው ሳሎን ነው፤ የሌላኛው በረንዳ ላይ። ግድግዳው አንድ ነው፤ ኑሮው ግን አይገናኝም። ራጋ ማለት ግድግዳው ሳይሆን ኑሮው ነው።

ደቡቦቹም በእነዚሁ አምስት ድምፆች የሚዘፍኑት ሞሃናም የሚባል ራጋ አላቸው፤ እሱም ሌላ ጠባይ ነው። ፍለጋው ከቀጠለ ሌላም ይገኛል። የአምባሰል ድምፆች ጉንካሊ ከሚባል የጠዋት ራጋ ጋር ይገጥማሉ። የባቲ ሜጀርን ድምፆች ደግሞ በደቡብ ህንድ ጋምቢራ ናታይ በሚባለው ራጋ ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ። እሱን የታቦት ንግሥ በሚመስል የቤተ መቅደስ ዑደት ላይ ናዳስዋራም በሚባል ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ይነፉታል።

ከዚህ ተነስቶ «ታዲያ ዝምድና አለን ማለት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። አልቸኩልም። ባለ አምስት ድምፅ ዜማ ከቻይና እስከ ስኮትላንድ ሞልቷል። ድምፅ መጋራት ዘመድ አያደርግም፤ ቡፓሊና ዴሽካር ራሳቸው የዚህ ምስክር ናቸው።

እሺ፣ ለምን ያን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

የጓደኛዬ ጥያቄ ነው። መልሱን በአንድ ኮንሰርት ውስጥ አብረን እየሄድን እንየው።

መድረኩ ላይ ወንበር የለም። ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ሁሉም እግሩን አጥፎ ይቀመጣል። ከኋላ አንድ ሰው ከቁመቱ የማይተናነስ መሣሪያ ደግፎ ይዟል፤ ታንፑራ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ አራት ክር አለው። ተጫዋቹ ዜማ አይጫወትም። አራቱን ክር አንድ በአንድ፣ ደጋግሞ፣ እስከ ኮንሰርቱ መጨረሻ ይነካል። በቃ። ሳ እና ፓ ሳይቋረጡ አየሩን ይሞሉታል። ዘፋኙ የሚቆምበት መሬት ያ ነው።

የታንፑራ ድምፅ ልክ እንደ በገና ይነዝራል። ሚስጥሩም ተቀራራቢ ነው። በበገና ላይ አውታሩ ከሚያርፍበት ብርኩማ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ትንሽ ቆዳ ይገባል፤ እንዚራ ይባላል። ያቺ ቆዳ ናት ዝዝዝ የምታሰኘው። በታንፑራ ላይ ደግሞ ብርኩማው ሰፋና ጎበጥ ያለ ነው፤ ከክሩ ሥር ቀጭን የጥጥ ፈትል ያስገባሉ። ፈትሉን በፀጉር ስፋት ወዲህ ወዲያ ሲያደርጉት ድምፁ ይከፈታል ወይም ይዘጋል። በዚህ ላይ ደቂቃዎች ይጠፋሉ። ማንም አይሰለችም።

የማያውቅ ሰው ግን ይሳሳታል። ነሐሴ 1 ቀን 1971 ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ለባንግላዴሽ ስደተኞች የእርዳታ ኮንሰርት ተዘጋጅቶ ነበር። የሲታር ሊቁ ራቪ ሻንካር፣ ሳሮድ የሚባል የአውታር መሣሪያ የሚጫወተው አሊ አክባር ካን እና ታብላ የሚባለውን ከበሮ የሚመታው አላ ራካ መሣሪያቸውን ቃኝተው ጨረሱ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ራቪ ሻንካር አመስግኖ፣ ቅኝታችንን እንዲህ ከወደዳችሁት ጨዋታውን ይበልጥ እንደምትወዱት ተስፋ አደርጋለሁ አላቸው። ስለዚህ ጓደኛዬ ብቻውን አይደለም።

ቅኝቱ ካለቀ በኋላ የሚመጣው አላፕ ይባላል። ጓደኛዬ ሃያ ደቂቃ የሰማው ይህን ነው። ከበሮ የለውም፣ የሚቆጠር ምት የለውም። ሥራው ራጋውን ማስተዋወቅ ነው። ተጫዋቹ ከሳ ይነሳል፤ አንድ ድምፅ ይጨምራል። እሱን ከላይ ያየዋል፣ ከታች ያየዋል፣ ከጎረቤቱ ጋር ያገናኘዋል። ከዚያ ሌላ ድምፅ ይጨምራል። ላይኛው ሳ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

የተጻፈ ኖታ ከፊቱ የለም። ደንቡን ያውቃል፤ መንገዱን ግን እዚያው እየሄደ ይፈጥረዋል። ሲታሩ ላይ ደግሞ ክሩን በጣቱ ወደ ጎን ይስበዋል፤ ድምፁ ሳይቆረጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይንሸራተታል። ሚንድ ይሉታል። ያን መንሸራተት በኦርጋን ማውጣት አይቻልም፤ በማሲንቆ ግን ይቻላል።

አድማጩም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ያማረ መዞሪያ ሲመጣ ራሱን ይነቀንቃል፤ «ዋህ! ዋህ!» ይላል። ቅኔ ሲዘረፍ ወርቁ የገባው ሰው «ይበል!» እንደሚለው ነው። ቅኔውም እዚያው የተፈጠረ፣ ደንቡም የጠበቀ። ሁለቱን ተመልካቾች ብናቀያይራቸው የሚቸገሩ አይመስለኝም።

ከበሮው ሲገባስ ምን ይሆናል?

አሁን ታብላው ይገባል። ሁለት ከበሮ ነው፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ተለቅ ያለ። ሁለቱም ቆዳ ላይ ጥቁር ክብ አለ። ከብረት ዱቄትና ከሊጥ መሰል ነገር ተደርቦ የተለጠፈ ነው። ከበሮው እንደ ደወል የጠራ ድምፅ የሚሰጠው በእሱ ምክንያት ነው። ትንሹን በመዶሻ እየነካኩ ከዘፋኙ ሳ ጋር ያስማሙታል።

የምቱ ሥርዓት ታላ ይባላል። ታላ ቀለበት ነው፤ ይዞራል፣ ተመልሶ አንድ ላይ ይወድቃል። የእኛ ችክችካ አጭር ቀለበት ነው፤ ሰውነታችን ሳንቆጥረው ያውቀዋል። የእነሱ ግን ረዘም ይላል። በሰሜን በጣም የተለመደው ቲንታል አሥራ ስድስት ምት አለው። ባለ አሥር ምት ጃፕታል አለ፤ ባለ ሰባት ምት ሩፓክ አለ።

ቲንታልን እጃችሁን አዘጋጅታችሁ ሞክሩት። ከበሮው በአፍ ይነበባል፦

ዳ ዲን ዲን ዳ
ዳ ዲን ዲን ዳ
ዳ ቲን ቲን ታ
ታ ዲን ዲን ዳ

በመጀመሪያው፣ በሁለተኛውና በአራተኛው መስመር መነሻ ላይ አጨብጭቡ። በሦስተኛው መነሻ ላይ አታጨብጭቡ፤ መዳፋችሁን ወደ ላይ ገልብጡ። ያ ቦታ ካሊ ይባላል፤ «ባዶ» ማለት ነው። እዚያ ላይ «ዲን» የነበረው «ቲን» እንደሚሆን አስተውሉ። ትልቁ ከበሮ ጎርናና ድምፁን ይውጠዋል። ሙዚቀኛውም አድማጩም ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ የት እንደደረሰ የሚያውቀው በዚህ ነው።

የቀለበቱ አንደኛ ምት ሳም ይባላል። የጨዋታው ደስታ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ሲታሩ ይሄዳል፣ ይርቃል፣ ጠፋ ስትሉ ከታብላው ጋር እኩል ሳም ላይ ጥብ ይላል። ቲሃይ የሚባል ዘዴም አላቸው። አንድ ሐረግ ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ የሦስተኛው የመጨረሻ ምት ልክ ሳም ላይ ይወድቃል። ሒሳቡን እየተጫወቱ ነው የሚያሰሉት። አዳራሹ እንደ ጎል የሚጮኸው በዚህ ጊዜ ነው።

በታኅሣሥ 2024 ያረፈው ዛኪር ሁሴን ታብላ በመጫወት ዓለም ሁሉ ያወቀው ሰው ነበር። የዚያው የአላ ራካ ልጅ ነው። እጁን እያዩ ጣቶቹን መቁጠር አይቻልም።

የጠዋት ራጋ፣ የማታ ራጋ የሚባለው እውነት ነው?

ልማዱ እውነት ነው። በሰሜን ህንድ ራጋ ሰዓት አለው። ቀንና ሌሊቱ በሦስት በሦስት ሰዓት ስምንት ቦታ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ፕራሃር ይባላል። ቆጠራው የሚነሳው እንደ እኛ ሰዓት ከፀሐይ መውጣት ነው። ባይራቭ ጎህ ሲቀድ ይዘፈናል። ያማን ሲመሽ ነው። ዳርባሪ ካናዳ ሌሊቱ ሲገፋ። ቡፓሊ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው፤ መንታው ዴሽካር ግን የጠዋት ነው። የክረምት ራጋዎችም አሉ፤ የማልሃር ቤተሰብ ከዝናብ ጋር ነው የሚነሳው።

ከዚህ ጋር አፈ ታሪኩ ይመጣል። ታንሴን ከ1556 እስከ 1605 በነገሠው በአጼ አክባር ቤተ መንግሥት የነበረ ዘፋኝ ነው። ይህ ታሪክ ነው፤ መቃብሩም ጓሊዮር ከተማ ይገኛል። ዲፓክ የተባለውን ራጋ ሲዘፍን መብራቱ በራሱ በራ፣ ገላው በትኩሳት ነደደ፣ በዝናብ ራጋ ነው የዳነው የሚለው ግን ተረት ነው። ያሬድ ሲያዜም የአፄ ገብረ መስቀል ጦር እግሩን ወጋው፣ ሁለቱም አልታወቃቸውም የሚለውን ሰምቶ ላደገ ሰው ይህ ዓይነቱ ትረካ እንግዳ አይደለም።

ሰዓቱ የድምፅ ሳይንስ ነው ወይስ ልማድ? ደቡቦቹ ሰዓት ላይ ያን ያህል አይጨነቁም። ከዚህ ተነስቼ ልማድ ነው እላለሁ። ግን ልማድ ጆሮን ይሠራል። የገና ዜማ በሐምሌ ብትሰሙ ዜማው ምንም አይጎድለውም፤ እናንተን ግን ቅር ይላችኋል።

ይህ ሁሉ ሳይጻፍ እንዴት ተማሩት?

ከአፍ ወደ ጆሮ። መምህሩ ጉሩ ነው፤ ሙስሊም ከሆነ ኡስታድ ይባላል። ተማሪው ዓመታት አብሮት ይኖራል፣ ያገለግላል፣ ይሰማል፣ ይደግማል። በሰሜን መምህሩ ተማሪውን ሲቀበል እጁ ላይ ክር ያስርለታል። ክርና ማተብ ለሚያውቅ አገር ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የአዘፋፈን ስልቶቹ ጋራና ይባላሉ፤ ቃሉ «ቤት» ከሚለው ይመጣል። የጓሊዮር ቤት፣ የኪራና ቤት፣ የፓቲያላ ቤት። በጎንደር የቤተ ክህነት ትምህርት «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» እንደሚባለው ማለት ነው፤ የዚህ ቤት ልጅ የዚያን ቤት አካሄድ ሲሰማ ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል። ይህን ያዳበሩት ሂንዱም ሙስሊምም ናቸው። ቢስሚላህ ካን ሙስሊም ነበር፤ ሼህናይ የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ በቫራናሲ የሂንዱ ቤተ መቅደስ እየተለማመደ ነው ያደገው። በ2001 የአገሪቱን ትልቁን ኒሻን ባራት ራትናን ሸለሙት።

ራጋን መሳል ይቻላል?

ሥለውታል። ከ16ኛው እስከ 19ኛው መቶ ዘመን በራጃስታን፣ በዴካንና በሂማላያ ግርጌ የነበሩ መኳንንት ለሠዓሊዎቻቸው አንድ ሥራ ያዙ ነበር፤ ራጋማላ። «የራጋ ጉንጉን» ማለት ነው። በመጽሐፍ ገጽ መጠን የተሠሩ ትንንሽ ሥዕሎች ናቸው። እያንዳንዱ ራጋ እንደ ሰው ይሳላል። ስድስት ባል ራጋዎች፣ ለእያንዳንዳቸው አምስት ሚስቶች፤ ሲደመር ሠላሳ ስድስት። አንዳንዱ ስብስብ ልጆችም ይጨምራል። (ምስኪን ሠዓሊ!)

ቶዲ የምትባለውን እዩ። አንዲት ሴት ብቻዋን ሜዳ ላይ ቆማለች። ትከሻዋ ላይ ቪና የሚባል የአውታር መሣሪያ ይዛለች። ሚዳቋዎች ከጫካ ወጥተው ከብበዋታል፤ አንገታቸውን ወደ እሷ አቅንተዋል። ሰው የለም። ፍቅረኛዋ ሩቅ ነው። ራጋውን ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ከሥዕሉ ናፍቆቱን ያገኘዋል። ሜግ ደግሞ የዝናብ ነው፤ ሰማዩ በጥቁር ደመና ተሞልቶ፣ ከሥሩ የሂንዱው አምላክ ክሪሽና ሲጨፍር ይታያል።

ይህን ሁሉ የሚያገናኘው ቃል ራሳ ነው። ጭማቂ፣ ጣዕም ማለት ነው። መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ተብሎለታል፤ እኔ ግን በአማርኛ ለዛ ብዬው አልፋለሁ። «ድምፅ አላት፣ ለዛ ግን የላትም» ስንል የምናወራው ስለዚያው ነገር ነው። ናትያሻስትራ የሚባለው ጥንታዊ የቴአትር መጽሐፍ ስምንት ራሳ ይቆጥራል፤ ፍቅር፣ ሳቅ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ጀግንነት፣ ፍርሃት፣ መጸየፍ፣ መደነቅ። በኋላ ሰላም ዘጠነኛ ሆኖ ተጨመረ።

ውዝዋዜውስ?

የህንድ የሙዚቃ፣ የዳንስና የድራማ አካዳሚ ስምንት ክላሲካል ውዝዋዜዎችን ያውቃል። ሁሉንም አልዘረዝርም። ሁለቱን ብቻ።

ካታክ የሰሜኑ ነው። ተወዛዋዡ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ከመቶ በላይ ቃጭል ያስራል። እግሩ የታብላውን ቋንቋ ይናገራል፤ ዳ ዲን ዲን ዳ። እንደ እንዝርት ይሽከረከርና ሳም ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከላይ ያየነውን ቆጠራ ከያዛችሁ ቀጥ የሚልበትን ቦታ ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ።

ባራታናትያም የደቡቡ ነው፤ ከታሚል ናዱ ግዛት። እዚህ እጅ ይናገራል። ተማሪዋ በአንድ እጅ የሚሠሩ 28 ምልክቶችን ታጠናለች። የመጀመሪያው ፓታካ ነው፤ ጣቶች ተገጥመው የተዘረጉበት፣ አውራ ጣት የታጠፈበት መዳፍ። እንደ አያያዙ ደመና ይሆናል፣ ጫካ ይሆናል፣ ወንዝ ይሆናል፣ ሌሊት ይሆናል። ዘፋኙ «ለምን አልመጣም?» የምትል አንዲት መስመር ደጋግሞ ያዜማል እንበል። ተወዛዋዧ መጀመሪያ በር በሩን ታያለች። ሲደገም ትቆጣለች። ሲደገም የሰጣትን ጌጥ ታወልቃለች። ሲደገም በራሷ ትስቃለች። መስመሯ ያቺው ናት። ሲታሩ አንድ ድምፅ ይዞ በአላፕ ያደረገውን፣ እሷ በፊቷና በእጇ ታደርገዋለች።

ይህ ውዝዋዜ በአንድ ወቅት ተንቆ ነበር። ለቤተ መቅደስ አገልግሎት የተሰጡ ዴቫዳሲ የሚባሉ ሴቶች የያዙት ስለነበር በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ «የነውር» ተብሎ ሊጠፋ ደረሰ። ሩክሚኒ ዴቪ አሩንዴል በ1936 ካላክሼትራ የተባለውን ትምህርት ቤት ቼናይ ውስጥ ከፍታ ወደ መድረክ ካወጡት አንዷ ሆነች። አንዳንዶች ውዝዋዜውን አዳነችው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ከባለቤቶቹ ወስዳ ለጨዋ ልጆች ሰጠችው ይላሉ። አዝማሪን ንቀን ዘፈኑን ስለምንወድ፣ ይህ ክርክር ለእኛም አይጠፋንም።

ከየት ልጀምር?

ከቡፓሊ። ማታ፣ ስልካችሁን ዝም አሰኝታችሁ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ታንፑራውን ብቻ ስሙት፤ በገናን እያሰባችሁ። ከዚያ ዘፋኙ የት የት እንደሚያርፍ ተከታተሉ። ጋ ላይ ሲመለስ ትሰሙታላችሁ። ከበሮው ሲገባ ሳምን ፈልጉ፤ ባታገኙት የታብላ ተጫዋቹ ራሱን ሲነቀንቅ ያስታውቃችኋል። የደቡቡን መቅመስ ለሚፈልግ የኤም ኤስ ሱቡላክሽሚን ድምፅ እመርጣለሁ። በ1998 ባራት ራትና የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሙዚቀኛ ናት።

ጓደኛዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ አንድ ቅጂ ላከልኝ። «ትዝታዬን አገኘኋት፣ ስማት» ይላል። ከፈትኩት። ዜማው ላይኛው ቤት ሆኖ ይጫወታል፤ ዳ ላይ ያርፋል፣ ሬን ዝም ብሎ ያልፋታል። ዴሽካር ነው። የጠዋቱ። ዴልሂ ቢሆን በዚህ ሰዓት ዴሽካር የሚከፍት ሰው ይሳቅበት ነበር።

ምንም አላልኩትም። አርባ ደቂቃውን እስከ መጨረሻው ሰማሁት።